የእቴቴ ምራቅ

እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታወራው አንድ ታሪክ አላት። «ይቺን ልጄን ቡዳ በልቷት፣ እጇ እንዲህ ተጨማዶ፣ ከሞት አፍ ነው የመለሰልኝ» ብላ ትጀምርና ጣቶቿን አጣጥፋ ታሳያለች። እንግዶቹ ያማትባሉ። እኔ ተነሥቼ ወደ ማጀት እገባና ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጥባለሁ። ታሪኩ ውሸት ነው። እናቴ ግን አትዋሽም፣ ያየችውን ነው የምታወራው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ያኔ የምንኖረው ከአፍንጮ በር ዝቅ ብሎ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነበር። የቀበሌ ቤት ነው። በአንደኛው ቤት ያነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከሌላኛው ቤት ነው፤ ግድግዳችን ወሬ አይከለክልም ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ጡረታ ወጥታለች፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዋናነት በእኔ ደመወዝ ነበር።

የግቢያችን በር ላይ እቴቴ ነበሩ። የክርስትና ስማቸውን ማን ያውቀዋል፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም እቴቴ ነበር የሚላቸው። ጉልት ነበራቸው። በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ድንች በመደብ በመደብ፣ ጎመን በእስር፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ዳር ላይ ደግሞ ሙዝ። እሳቸው አልወለዱም። እናቴ ሥራ ላይ በነበረችበት ጊዜ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጉልታቸው አጠገብ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነበር የቤት ሥራዬን የምሠራው። ከደንበኛ ጋር እየተከራከሩ እንኳን በአንድ ዓይናቸው ደብተሬን ያያሉ። «ጻፊ እንጂ፣ ምን ትንጠራሪያለሽ!» ይሉኛል፤ ከዚያ አንድ ሙዝ ገንጥለው እጄ ላይ ያስቀምጣሉ።

በእቴቴ ላይ ግን አንድ ነገር ይንሾካሾክ ነበር። አባታቸው አገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እንግዲህ ፒያሳ መሃል፣ ስልክ በእጃችን ይዘን፣ ለአንዳንድ ሰው ቀጥቃጭ ማለት ገና ቡዳ ማለት ነበር። ማንም ፊት ለፊት አላላቸውም። አራስ ሊጠይቁ ሲገቡ ግን የሕፃኑ ፊት በሆነ ምክንያት ይሸፈናል። እሳቸውም ያውቁታል። የሰው ልጅ ሲያደንቁ አፋቸውን ጠበቅ አድርገው «ከዓይን ያውጣው» ሳይሉ አያልፉም ነበር። እኔ ይሄን ሁሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ወሬው ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ባንዴ መጣብኝ። አንደኛው የሚዜ ቀሚስ ነው። ጓደኛዬ ጾሙ ተፈቶ ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ልታገባ ነው፤ አምስት ሚዜዎች ነን። ቀሚሳችን በአንድ ልክ ተሰፋ፤ ልኩ የተወሰደው ከቀጭኗ ነው። እኔ ስለካው ዚፑ ወገቤ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ «ምን ችግር አለ፣ ጾሙ አለልሽ» አለችኝ። ሁለተኛው መሥሪያ ቤታችን ነው። ሠራተኛው በሙሉ ይፈተናል፣ ያለፈ ቦታው ላይ ይቆያል፣ የወደቀ ዝቅ ይላል ተባለ። ከዚያ ወዲያ ቢሮ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ ያመኛል፣ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴን ሳፋጭ ነው የማድረው።

ጾሙ እንደገባ ሻዩን ገዛሁ። ፒያሳ ካሉት የኮስሞቲክስ ሱቆች በአንዱ ነው፤ «የቦርጭ ሻይ» ይሉታል። ማታ አንድ ከረጢት ነክሮ መጠጣት፣ ጠዋት ሆድን ያስኬዳል። ምን ያስኬዳል፣ ያስሮጣል እንጂ! በዚያ ላይ ስልኬ ላይ አንድ ምላሰኛ ሰውዬ ነበር። «ደምሽ አሲድ ሆኖ ነው ቦርጭ የማይለቅሽ፣ አልካላይን አድርጊው» ይላል። መድኃኒቱ በማለዳ ሎሚ በቤኪንግ ሶዳ ነው። እኔ፣ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩ ሴትዮ፣ አመንኩት። ሎሚውን እየጨመቅሁ ፊቴን እያጨማደድኩ እጠጣለሁ። ከዚያ ባዶ ሆዴን ቢሮ እሄዳለሁ፤ በመንገዴ ባንኮኒ ተደግፌ አንድ ጥቁር ቡና፣ ረፋድ ላይ ሌላ ጥቁር ቡና። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም ሁለት ጉርሻ ቆንጥሬ «ጠገብኩ» እላለሁ።

እናቴ ጾም መሰላት። «ልጄ ዘንድሮ ጾሙን እንዴት አጥብቃ እንደያዘችው!» እያለች ቧንቧው ጋ ለጎረቤት ትናገራለች። ስታወራ እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። ይባስ ብዬ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን ሰብሬ መሄድ ጀመርኩ። አቤት ግብዝነት! የጌታን ጾም የዚፕ መሸፈኛ አደረግሁት።

ያወቁብኝ እቴቴ ብቻ ናቸው። ሽንት ቤቱን ተራ ገብተን ነበር የምናጸዳው፤ በእሳቸው ተራ የሻዩን ከረጢቶችና ካርቶኑን ከቆሻሻው መሃል አገኙ። ጎረቤት አልጠሩም። በጋዜጣ ጠቅልለው ከጉልታቸው ጥራጊ ጋር ጣሉልኝ። ከሥራ ስመለስ በእጃቸው ጠቀሱኝ።

«ነይ እስቲ የኔ እናት። ይሄ ጠዋት ጠዋት የሚያስሮጥሽ፣ ያ ሻይ ነው አይደል?»

ክው አልኩ። «ለእማዬ እንዳይነግሯት እቴቴ! በማርያም!»

«አልነግራትም፣ ቃሌ ነው። ግን ተዪው። ጾም ከገበታ ላይ ነው የሚቀንሰው፣ አንጀት ጠርጎ አያወጣም። ከንፈርሽ ተሰነጣጠቀ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። አያለሁ እኮ።»

አንድ ሙዝ ገንጥለው ሰጡኝ። «ማታ እበላዋለሁ» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ጠቁሮ፣ ከቢሮ ወረቀት ጋር ተጣብቆ አገኘሁትና ጣልኩት።

ሻዩን አልተውኩም። ሳምንታቱ ሲገፉ ባቴን ጅማት እየያዘኝ እጮኽ ጀመር። ደረጃ ስወጣ ልቤ አንድ ምት ዘላ የምታልፍ ይመስለኛል። ቀሚሱን በለካሁ ቁጥር ግን ዚፑ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ እኔ የማየው እሱን ብቻ ነበር።

የጾሙ አምስተኛ ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ፣ የፈተናው ውጤት ይወጣል ተባለ። ጠዋት ስወጣ እቴቴ በሩ ላይ መንገዴን ዘጉብኝ። ፊታቸው እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«አሁንስ በቃ። ዛሬ ማታ አንቺ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።»

«ቃል ሰጥተውኛል!»

«ቃሌን ጠብቄ አንቺን ልቅበር? ብትጠዪኝም ጥዪኝ።»

በጎናቸው አለፍኩ። ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ «ምን አግብቷቸው ነው! ምን አግብቷቸው!» እያልኩ ብቻዬን ስለፈልፍ ነው የሄድኩት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ዝርዝሩ ስልካችን ላይ ተለቀቀ። ከላይ ወደ ታች አየሁት፣ ከታች ወደ ላይ አየሁት። ስሜ ካለፉት ውስጥ የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አልፋለች፤ ተነሥቼ አቀፍኳት። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም። በእግሬ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ፣ ድልድዩ ላይ በሻጭና በገዢ መሃል እየተጋፋሁ አልፌ ዳገቱን ተያያዝኩት። አየር ያነሰኝ መሰለኝ። ቶሎ ቶሎ እስባለሁ፣ በሳብኩ ቁጥር ይበልጥ የሚያንሰኝ ይመስለኛል። ለእማዬ ምን እላታለሁ? ደመወዙስ? ዛሬ ማታ ደግሞ እቴቴ ይነግሯታል። ከንፈሬን ዙሪያውን ጉንዳን የወረረው መሰለኝ፤ ቀጥሎ የጣቶቼን ጫፍ።

ግቢ ስገባ እቴቴ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ሲሉ ሰማሁ። አልፌያቸው ሄድኩ። ቧንቧው ጋ ስደርስ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጆቼን አየኋቸው። አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ገብቷል፣ አራቱ ጣቶቼ ተጣብቀው ቀጥ ብለዋል፣ አንጓዬ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በሌላኛው እጄ ልፈታው ብል ሌላኛውም እንደዚያው ነው። የምሞት መሰለኝና ይበልጥ ተነፈስኩ።

እናቴ ወጣችና አየችኝ። «ልጄን! ኧረ ልጄን በሏት!» ብላ ጮኸች።

ግቢው ባንድ ጊዜ ሞላ። አንዱ «ታክሲ ጥሩ፣ ሆስፒታል!» አለ። የግቢው ትልቅ ሴት፣ እማማ የምንላቸው፣ በዱላቸው መሬቱን መቱት። «መርፌ እንዳታስነኳት! ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከነካው አለቀለት!» ይሄን ሁሉም ሰምቶት ያደገ ነገር ስለሆነ የተከራከረ የለም። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተወቅጦ አፍንጫዬ ሥር ቀረበ። ጋቢ ከላዬ ላይ ተጣለ፣ ዙሪያውን ተጠቀጠቀ።

ጋቢው ውስጥ ይሞቃል፣ የራሴን ትንፋሽ ነው መልሼ የምተነፍሰው። ይሄን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ራሴን አልሳትኩም። እያንዳንዱ ድምፅ ይሰማኛል፣ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል ይባላል፤ ቡዳው በተበላው ሰው አፍ ሆኖ ይናገራል፣ ማንነቱን ያወጣል። ስለዚህ እማማ መጠየቅ ጀመሩ።

«ማነሽ? ከየት ያዝሻት? ተናገሪ!»

ዱላቸው እንደገና መሬቱን ሲመታ ሰማሁ።

«ተናገሪ! ማለዳ ነው? መንገድ ላይ ነው? በር ላይ ነው?»

በር ላይ ሲሉ ጠዋት የሆነው ትዝ አለኝ። ያኔ ያሰብኩትን ሳልቀባባ ልጻፈው። «ቡዳ ናት ከተባለች፣ ስለ ሻዩ ብትናገር ማን ያምናታል?» ብዬ አሰብኩ። በልቤ እንኳን አንቱታውን አንስቼባቸው። ጊዜ አልፈጀብኝም። አፌን ከፈትኩና «እቴቴ» አልኩ።

አንዴ ብቻ ነው ያልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ሁለተኛ ማለት አላስፈለገኝም።

«ብያለሁ! ብያለሁ እኮ!» አለች አንዷ። ምንም ብላ አታውቅም ነበር። የሚሮጥ እግር ሰማሁ። መሮጥ እንኳን አላስፈለጋቸውም፣ እቴቴ ወደ እኔ እየመጡ ነበር ለካ፤ በአንድ እጃቸው በኩባያ ጨው የበጠበጡበት ውኃ፣ በሌላው ሙዝ ይዘው። ጋቢውን ከፊቴ ገለጥ ሲያደርጉት ያየሁት ይሄን ነው። እናቴ እግራቸው ሥር ወድቃለች።

«ያሳደግሻት ልጅ ናት! ማሪልኝ! እትፍ በይባትና ልቀቂልኝ!»

ቡዳው ራሱ በበላው ሰው ላይ ምራቁን እትፍ ካለ ይለቃል ይባላል። የሚተፋ ሰው ግን አመነ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢል አይሰማም። ይሄን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ እሳቸው ያውቃሉ።

እቴቴ አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። «የምትጠጣው ሻይ አለ» ቢሉ አበቃ፤ እናቴ ቤት ገብታ ትራሴ ሥር የደበቅሁትን አዲሱን ካርቶን ታገኘዋለች። እንደሚሉት እርግጠኛ ሆኜ ጠበቅኩ። አላሉም። የተቆለመሙ ጣቶቼን ብቻ አዩአቸው።

«ልጅቷ ትዳን እንጂ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ።

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጡና ጎንበስ ብለው ግንባሬ ላይ እትፍ አሉ። ምራቅ እንኳን አልነበረውም፣ አፋቸው ደርቆ ነበር። ጋቢው ተመልሶ ተከደነብኝ። ቆይቶ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፣ አውራ ጣቴ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ለቀቁ። ጋቢው ሲነሣ በጾም መሃል እልል ተባለ። እናቴ እጆቼን እያገላበጠች ትስማለች። እቴቴ ሄደዋል፤ ኩባያውና ሙዙ ቧንቧው ጋ ቀርተዋል።

ቅዳሜ ልቤ መዝለሏን ስታበዛብኝ ለማንም ሳልናገር፣ ሰፈሬ ያልሆነ ቦታ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የእኔ እኩያ ናት። ደሜ ተመርምሮ እስኪመጣ ድረስ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ሻዩን፣ ሎሚውን፣ ፈተናውን፣ የጣቶቼን ነገር። የእቴቴን ስም ብቻ ዘለልኩት።

«ፖታሲየምሽ ወርዷል» አለችኝ ወረቀቱን እያየች። «ጡንቻም ልብም ያለ እሱ በቅጡ አይሠሩም። ሻዩ በየቀኑ ከውኃው ጋር ጠርጎ ሲያወጣው ከረመ፤ አንቺ ደግሞ አትበዪም፣ ከየት ይተካ?»

«እጄስ?»

«እጅሽ ጭንቀቱ ነው። ስትደነግጪ ከልክ በላይ ተነፈስሽ። የምናስወጣው የተቃጠለ አየር ደማችንን ትንሽ አሲድ የሚያደርገው ነው፤ አብዝተሽ ስታስወጪው ደምሽ ወደ አልካላይን አጋደለ። ያኔ ደምሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነርቮቹን እንደ ልቡ ማረጋጋት ያቅተዋል፣ ጣት ይቆለመማል።»

«ደሜን አልካላይን ለማድረግ እኮ ነበር ያን ሁሉ ሎሚ የጨመቅሁት» አልኳት።

ሳቀች። «ሳንባሽና ኩላሊትሽ የደምሽን ልክ ሲጠብቁ ነው የሚውሉት፣ በሎሚ የሚታለሉ አይደሉም። ሶዳውንም አታብዢ፣ ጨው ነው። ይኸው የተመኘሽውን በድንጋጤ በዐሥር ደቂቃ አገኘሽው፤ እንዴት ነበር፣ ተመቸሽ?»

«ታዲያ ጣቶቼ በምን ተፈቱ?»

«ተሸፍኜ ነበር አላልሽም? ያስወጣሽውን አየር መልሰሽ ስትስቢ ልኩ ተመለሰ። ደግሞ መድኃኒት ነው ብለሽ ሰው እንዳታፍኚ! ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው መፍትሔው።»

«ምራቅስ?» ልላት ነበር። ዋጥኩት።

ኪኒን ጻፈችልኝ። «ጾምሽን ጹሚ፣ የጣለሽ ጾሙ አይደለም። ግን ስትበዪ ብዪ። ሙዝ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ቲማቲም...» እያለች ስትቀጥል የእቴቴን ጉልት ከዳር እስከ ዳር ጠራችልኝ። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ሐኪሟ ለጤናዬ መስሏት «አይዞሽ፣ ይተካል» አለችኝ።

በመንገዴ ሙዝ ገዛሁ። ከሌላ ቦታ፤ እናቴ «ከእጇ ምንም እንዳይገባ» ብላ ነበርና። በፌስታል አንጠልጥዬ ግቢው ጋ ስደርስ እቴቴ ጉልታቸው ላይ ናቸው። ጎመኑ ቢጫ ሆኗል። የድንቹ መደብ ረቡዕ እንደነበረ ነው፣ አንድ ፍሬ አልጎደለም። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን አዝላ ስትወጣ ፊቱን በነጠላ ሸፈነችና ፈጠን ብላ አለፈች። እቴቴ ፌስታሌን አዩት። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ቆምኩ።

«ጎሽ» አሉኝ። «ብዪ።»

እግሬ ይዞኝ ገባ። ማታ ለእማዬ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ሆሳዕና ይለፍ አልኩ፤ ሆሳዕና ሲያልፍ ስቅለት፣ ስቅለት ሲያልፍ ፋሲካ ይዋል። እቴቴ በየዓመቱ ከእኛ ጋር ነበር የሚፈስኩት። በዚያ ዓመት ለብቻቸው ፈሰኩ። የጠራቸው አልነበረም። እኔ በሰርጉ ቀን ቀሚሱን ለበስኩት፣ ዚፑም ተዘጋ። ፎቶው ላይ ጥርሴ በሙሉ ይታያል።

ጉልታቸውን ከበራችን አንሥተው ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወሰዱት። ከክረምቱ በፊት ቤታቸውንም ለቀቁ፤ የት እንደገቡ የጠየቀ የለም። ድልድዩ ላይ ሲቀመጡ አንዴ ከታክሲ መስኮት አይቻቸዋለሁ። ወራጅ አለ አላልኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ እያደር ይጠራል ብዬ ተኛሁበት። ኋላ ሰፈራችን ፈረሰ። ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን፣ እናቴ ታሪኩን ለአዲሶቹ ጎረቤቶቻችን እንደ አዲስ ማውራት ጀመረች።

ባለፈው ዓመት በአንድ በዓል ቀን እናቴ «የድሮ ደብሬን ካልተሳለምኩ» ስላለች ፒያሳ ይዣት መጣሁ። የአራት ዓመት ልጄም አብራን አለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያወቀቻቸው እናቴ ናት። ልጄን ሳብ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻት። እቴቴም አይተውናል። እናቴ ሸፍና ሳትጨርስ እሳቸው ቀድመው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር።

«እማዬ፣ ቡዳ አልነበረም» አልኩ። ድምፄ እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። «የቦርጭ ሻይ እጠጣ ነበር፣ በጾሙ አሳብቤ። እሳቸው ያውቁብኝ ነበር። እንዳይነግሩሽ ብዬ ነው ስማቸውን የጠራሁት። አውቄ ነው።»

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። «ታዲያ እትፍ ስትልብሽ እጅሽ ለምን ተፈታ?»

«ጋቢው ነው፣ ትንፋሼን መልሼ...»

«ተዪ እባክሽ! በዓይኔ ያየሁትን?» ከዚያ ፊቷ ለስለስ አለ፤ ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝ። «አንጀትሽ አይችልም፣ አውቅሻለሁ። እሷን ለማዳን ብለሽ በራስሽ ትዋሺያለሽ።»

ልጄን ከነጠላው ሥር አውጥቼ እጇን ያዝኩና ወደ አጥሩ ሄድኩ። እናቴ ከኋላዬ ትጣራለች። እቴቴ አጠገብ በጉልበቴ ወረድኩ።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ።»

«አወቅሁሽ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ድምፅሽ ያው ነው።»

«ያን ቀን ዋሽቼ ነው። አውቄ ነው ስምዎን የጠራሁት።»

«ተዪኝ እስቲ፣ እዚያው አልነበርኩም እንዴ?»

«ለምን ስለ ሻዩ አልተናገሩም?»

«ቃል ሰጥቼሽ። ደግሞ ጣቶችሽ እንደዚያ ሆነው እያየሁ፣ ስለ ሻይ ልሟገት?»

ልጄ «ማናት?» ብላ ጠየቀችኝ። እቴቴ ድምፅዋን ሲሰሙ ትከሻቸው ነቃ አለ።

«ልጅሽ ናት?»

«አዎ። ይዩዋት፣ እቴቴ። ዞር ይበሉና ይዩዋት፣ በሞቴ።»

እጃቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ጎተተው። ወደ አጥሩ እንደዞሩ ናቸው።

«አይ፣ ይቅር የኔ እናት፣ ለምጄዋለሁ። አንቺው ንገሪኝ» አሉኝ። «ማንን ትመስላለች?»